ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአርሲ መንደሮች፤ ለመልሱ ተጠያቂው ማን ነው?



ባለፉት ወራት ከእናንተ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋግሞ አግኝተናል። ይኸውም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር እናንተ ወዳላችሁበት ገጠር ደርሷልን? ከደረሰስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እናንተስ በሥራችሁ ትጠቀሙበታላችሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልንመልስ ወድደናል። አስቀድመን የምንለው፣ አዎን፣ መሣሪያው ደርሷል። ማንም አስታውቆ አላመጣውም፤ ስብሰባም አልተጠራበትም። በገበያ ቀን ከአሰላ ስልክ ገዝቶ በተመለሰ ወጣት ኪስ ገብቶ የጭላሎን ተራራ ዞሮ እስከ ደጋው ጫፍ ወጥቷል። ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው ይግባ ወይስ አይግባ የሚል አይደለም። ገብቷልና በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንያዘው የሚል ነው።

ስለ ምንነቱ ጥቂት እንበል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ መሣሪያዎችን በአንድ ጆንያ የሚከት ነው። ፎቶግራፍ አይቶ ይህ የእገሌ ፊት ነው የሚል አለ። በፌስቡክ ገጻችን ላይ የትኛው ወሬ ከላይ ይታይ፣ የትኛው ከታች ይቅር ብሎ የሚመርጥ አለ። የሳንባ ራጅ አይቶ የነቀርሳ ምልክት የሚጠቁምም አለ፤ ይህንኛውን የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ምርመራ እንዲያገለግል ደግፎታል። ሕዝቡ በየቀኑ የሚያወራለት ግን በጽሑፍም ሆነ በድምፅ ሲጠይቁት የሚመልሰው ነው። ከእነዚህ መካከል በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ መሰሎቹ ብዙ ሆነዋል፤ በቴሌግራምና በዋትሳፕ በኩልም ይገኛሉ።

ይህ ተናጋሪ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለጥንቃቄው ሁሉ መሠረት ነው። ብዙዎች እንደ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አድርገው ያስቡታል፤ ጥያቄ ሲደርሰው ተገቢውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዶ ገጹን የሚያነብላቸው ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። ሠሪዎቹ ለቁጥር የሚያዳግት ጽሑፍ አስነብበውታል፤ ከዚያም ንባብ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል ተምሯል። ሲጠየቅ ከተማረው ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመተ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየቀጠለ መልስ ያበጃል። ግምቱ በጣም የሠለጠነ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይመጣል። አሁን አሁን አንዳንዶቹ ከኢንተርኔት ፈልገው እንዲያመሳክሩ ተደርገዋል። ሆኖም ሲሳሳትም ያው ነው፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ አንደበቱ አይያዝም። በአገራችን አንድ አዋቂ ሽማግሌ የማያውቁት ነገር ሲጠየቁ «ይህን እኔ እንጃ፤ እገሌን ጠይቁት» ይላሉ፤ ይህም ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው። መሣሪያው ይህን ልማድ ገና በደንብ አልተማረም።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ የሆነውን ለምሳሌ እንጥቀስ። ሁለት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ውስጥ ቀድሞ የተወሰኑ ጉዳዮችን በማስረጃነት ጠቅሰው ነበር። ዳኛው ቢያስፈልጉ ጉዳዮቹ በየትም መዝገብ አልተገኙም፤ መሣሪያው ከነስማቸውና ከነቁጥራቸው ፈጥሯቸው ኖሯል። በጠበቆቹና በድርጅታቸው ላይ 5,000 ዶላር ተቀጣባቸው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ መሣሪያው አልተቀጣም፤ ሊቀጣም አይችልም። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ፊርማቸውን ያኖሩትን ሰዎች ነው። ከመካከላችን ስብከት ለማዘጋጀት የሚጠቀሙበት ወንድሞችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ጥቅስ ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ይሰጣቸውና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሲገልጡ በዚያ ቁጥር ሌላ ቃል ያገኛሉ። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ይድናል፤ የማይገልጠው ግን ያልተጻፈውን ከመድረክ ያነብባል።

በእኛ አካባቢ ችግሩን የሚያከብደው ሌላ ነገር ቋንቋ ነው። መሣሪያው ያነበበው ጽሑፍ እጅግ የሚበዛው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ከዚያ ጋር ሲወዳደር እፍኝ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ በተናጋሪዎቹ ብዛት ልክ አልተጻፈለትም። የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ተራ የደረሳቸው በ2014 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲቀርብ የሚገኘው መልስ በእኛ ቋንቋዎች ከሚገኘው ይሻላል፤ እጅግ የሚቸገረው ደግሞ እንግሊዝኛ የማያውቀው ሰው ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚደክሙ የአገራችን ልጆች መኖራቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። አስመላሽ ተካና ባልደረቦቹ «ልሳን» ብለው የሰየሙትን መተርጎሚያ ለአማርኛና ለትግርኛ ሠርተዋል። በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ሙያ ከዓለም ታላላቅ ጉባኤዎች አንዱ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር፤ የኮሮና ወረርሽኝ ስለመጣ በኢንተርኔት ሆነ እንጂ። ከዚያ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ለወጣት ባለሙያዎች የቀረበው ፈተና ምን ነበር ቢባል፣ በአብዛኛው በኢትዮጵያና በታንዛንያ ማሳዎች የተነሡ የስንዴ ፎቶግራፎችን አይቶ ጤነኛውን ከዋግ የሚለይ መሣሪያ መሥራት ነበር። ጉዳዩ ወደ ራሳችን ደጅ መጣ ማለት ነው።

አርሲ የስንዴ አገር መሆኑን ታውቃላችሁ። የስንዴ ጠላት ደግሞ ዋግ ነው። ዋግ በዓይን በማይታይ ደቃቅ ዘር ከነፋስ ጋር የሚጓዝ ፈንገስ ሲሆን፣ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢጫ ዋግ፣ የግንድ ዋግና የቅጠል ዋግ ይባላሉ። ቢጫው ብርድና እርጥበት ስለሚስማማው ለደጋችን የታወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገለማን የመሳሰሉ በሰፊው የተዘሩ ዝርያዎችን መታ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በባሌና በአርሲ «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ጣለው። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም ገበሬው አምኖት በብዛት ዘርቶት ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሙሉ ማሳ ገለባ ሆኖ ሲቀር ያዩ ቤተሰቦች ዛሬም «የዲገሉ ዓመት» ሲሉ ነገሩ ትናንት የሆነ ይመስላል።

አሁን ወደ አንድ ማሳ እንውሰዳችሁ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከምንሠራባቸው የደጋ ቀበሌዎች በአንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ በአባቱ ማሳ የስንዴው ቅጠል ሲቢጥ አይቶ ፎቶግራፍ አነሣና በስልኩ ላይ ያለውን መሣሪያ ጠየቀ። መልሱ ለመምጣት ከጥቂት ሰከንድ በላይ አልፈጀም። በእንግሊዝኛ፣ በተራ ቁጥር የተደረደረና የሚያምር ነበር፤ «ሰብሉ የናይትሮጅን እጥረት አለበት፤ ዩሪያ ይጨመርበት» ይላል። ልጁ ለአባቱ ተረጎመላቸው። አባትየው ለዩሪያው መግዣ ገንዘብ ሊበደሩ ተነሡ። እኛ በዚያ ሰሞን ለቁጠባ ማኅበሩ ጉዳይ ከግብርና ልማት ሠራተኛዋ ጋር በቀበሌው ነበርንና ነገሩ በአጋጣሚ ጆሮአችን ደረሰ። ልጅቱ የምትሆን ወጣት የልማት ሠራተኛ ወደ ማሳው ገባች፣ አንድ ቅጠል ቀጠፈችና «ኦቦ፣ እስቲ ጣትዎን ያምጡ» ብላ ቅጠሉን በጣታቸው ላይ አሸችው። ጣታቸው እንደ በርበሬ ዱቄት በብርቱካናማ ብናኝ ተቀባ። «ማዳበሪያ ያነሰው ቅጠል እንዲህ አያደርግም» አለች።

ልዩነቱን ለአንባቢ እናስረዳ። ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫነቱ ከታችኛው፣ ካረጀው ቅጠል ይጀምራል፤ ከጫፉ ወደ ውስጥም ይስፋፋል። ሲያሹት ምንም አይለቅቅም። ቢጫ ዋግ ግን በቅጠሉ ሥር መሥመር ተከትሎ እንደ ተሰፋ ክር በረድፍ ይወጣል፤ ዱቄቱም በእጅ ይቀራል። በዋግ በተያዘ ስንዴ ላይ ዩሪያ መጨመር ደግሞ ከንቱ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን ስለሚያለመልመው ለበሽታው ድግስ ማዘጋጀት ነው። የላይኛው ቅጠል፣ ፍሬውን የሚመግበው ማለታችን ነው፣ ከመያዙ በፊት ያሉት ቀናት ደግሞ ውድ ናቸው። ገበሬው ተበድረው ዩሪያ ሲገዙ፣ ሲበትኑና ለውጥ ሲጠብቁ ሁለት ሳምንት ይሄድ ነበር። በዚያ ሁለት ሳምንት ነፋሱ ዋጉን ወደ ጎረቤት ማሳ ይወስደዋል።

መሣሪያው ለምን ተሳሳተ? ፎቶግራፉ ከሩቅ የተነሣ ነበር፤ ረድፉ አይታይም። ማሳው በምን ከፍታ እንዳለ፣ ወሩ ምን እንደሆነ፣ የተዘራው ዝርያ የትኛው እንደሆነ፣ በላይኛው ቀበሌ ዋግ ከታየ ሳምንት እንዳለፈው አልተነገረውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን፣ እርሱም አልጠየቀም። ልማት ሠራተኛዋ መጀመሪያ ያደረገችው መንካት ነው፤ ቀጥሎ «የዘሩት የትኛውን ነው? መቼ ዘሩ?» ማለት ነው። ልጁን አንወቅስም። እንዲያውም ዝም ብሎ ከማየት መጠየቁ ያስመሰግነዋል። ፎቶውን ከቅርብ አንሥቶ፣ ቦታውንና ወሩን ነግሮ ቢጠይቅ ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችል እንደነበረም እናምናለን። የጎደለው በመልሱና በብድሩ መካከል የሚቆም ሰው ነው።

ይህን ስንል በሒሳብና በመሣሪያ የተገኘ ምክር ሁሉ አይጠቅምም ማለታችን እንዳልሆነ ልብ በሉልን። አርሲ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በአሰላ አቅራቢያ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ምርምር ዋና ቤት ነው። የአገራችን የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በምኅፃረ ቃል ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠርተዋል። ባለሙያዎች በየማሳው እየዞሩ ዋግ የታየበትን ቦታ ይመዘግባሉ፤ ኮምፒዩተሩ ነፋሱ የዋጉን ዘር ወዴት እንደሚወስደው፣ በዚያስ አየሩ ለበሽታው ይመች እንደሆነ ለሚመጡት ቀናት ያሰላል፤ ውጤቱ በባለሙያዎች ከታየ በኋላ ለልማት ሠራተኞችና በአጭር መልእክት ለገበሬዎች ይሰራጫል። ይህኛው ከተናጋሪው መሣሪያ የተለየ ዓይነት ነው፤ ወሬ አያወራም፣ ያሰላል። እኛን ያስደሰተን ግን የሰንሰለቱ አሠራር ነው። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ጫፍ በእግሩ ማሳ የሚረግጥ ሰው አለ። ማስጠንቀቂያው ቢስት የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት አለ። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የገበሬዎች ነጻ የስልክ መሥመር 8028ም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሲናገር የሚያሰማው ባለሙያዎች አዘጋጅተው የመረመሩትን ምክር ነው። አሁን ደግሞ ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት «ፋርመር ቻት» የሚል ስም የሰጠውን ለገበሬና ለልማት ሠራተኛ የሚመልስ መሣሪያ በአገራችን አስጀምሯል። እንዲህ ያሉት ከተመረመረ ምክር እንዲመልሱ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ከተራው ተናጋሪ የተሻሉ ናቸው፤ ጣትን በቅጠል ላይ ማሸት ግን ለእነርሱም አይቻላቸውም።

ከዚያ የጥቅምት ቀን ወዲህ በቀበሌው የተስማማንበት ነገር አለ። የስልክ መልስ ጥቆማ ነው እንጂ ብይን አይደለም። ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም መርዝ የሚያስረጭ ከሆነ፣ ለልማት ሠራተኛዋ ወይም በሙያው ለታወቀ ጎረቤት ሳይታይ ማንም አይንቀሳቀስም። የመድኃኒት መጠን በተለይ ከስልክ አይወሰድም፤ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበባል። የፀረ-ዋግም ሆነ የፀረ-አረም ኬሚካል ያለ ጓንትና ያለ አፍንጫ መሸፈኛ ረጭተው የታመሙ፣ በባዶው ዕቃ ውኃ የቀዱ እናቶችን ስላየን በዚህ ጥብቅ ነን። ለሕመምም ደንቡ ያው ነው። ተማሪው ለእናቱ የራስ ምታት ምን ሊሆን እንደሚችል ቢጠይቅ አንከለክልም፤ መድኃኒቱን የሚነግራት ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያው ይሁን እንላለን። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከታያት፣ ሕፃን ከተንቀጠቀጠ፣ ማንንም መሣሪያ መጠየቅ የለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

እዚህ ላይ የአርሲን የቆየ ታሪክ ማንሣት ይጠቅመናል፤ ለእኛ ትውልድ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው። በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአሰላ የተተከለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተሻሻለ እርሻ ይዞ መጣ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ስንዴም በእርግጥ በዛ። ነገር ግን መሬቱ የባለ ርስቱ ነበርና እርሻው አትራፊ ሲሆን አንዳንድ ባለ ርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አስነሡት። ትራክተሩ አልበደለም፤ የያዘው ሰው እንጂ። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል።

ዛሬም አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የምንጠይቀው ማን ይዞታል ብለን ነው። በምንሠራባቸው ቀበሌዎች ስማርት ስልክ ያለው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። መበለቷ፣ አዛውንቱ፣ ማንበብ ያልቻለው ሰው የሚሰማው ሌላው የነገረውን ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች «ምክሩን ሁሉ በስልክ አድርገነዋል» ብለው የልማት ሠራተኞቹን ቢቀንሱ፣ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። ይህን ለእናንተ የምንጽፈው በእርግጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ርካሽ ስለሚመስል ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ ከመስጠት ለመሣሪያ መክፈል ይቀላል። ልማት ሠራተኛዋ ግን በዚያ ማሳ ጣት ያሸችው ቀበሌው ውስጥ ስለምትኖር ነው።

ቀጥሎ ስለ ሰዎች ምሥጢር። እኛ ዘንድ ብዙ ዝርዝር አለ፤ የዕርዳታ ተቀባዮች ስም፣ የስንት ልጅ እናት እንደሆነች፣ ማን ምን በሽታ እንዳለበት፣ ማን ስንት ብድር እንዳልከፈለ የሚገልጽ። አንድ ሠራተኛ ሪፖርት ለመጻፍ ሲቸኩል ይህን ሁሉ በተናጋሪው መሣሪያ ላይ ገልብጦ «አሳጥርልኝ» ቢለው ሥራው በደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን የጻፈው ከአሰላ ወጥቶ ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ ያርፋል፤ አንዳንዶቹ ኩባንያዎችም የተጻፈላቸውን መሣሪያቸውን ለማስተማር ይጠቀሙበታል። ያቺ እናት ችግሯን የነገረችን በቤቷ፣ በጓዳዋ፣ ለእኛ ብላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤናን፣ የብሔርንና የሃይማኖትን የመሳሰለ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለሆነም በእኛ ጽሕፈት ቤት የማንም ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥርም ሆነ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ወደዚህ ዓይነት መሣሪያ አይገባም። ቁጥሮችን መደመር፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤን ሰዋስው ማቃናት፣ ለጎልማሶች ትምህርት የንባብ መልመጃ መንደፍ፣ ለእነዚህ እንጠቀምበታለን፤ ጊዜም ቆጥቦልናል።

ስለ ሐሰተኛ ድምፅ ብዙ ጊዜ አንወስድም፤ ነገሩ ግን እናቶችን በጣም ያስፈራቸዋል። አንድን ሰው ለጥቂት ጊዜ ሲናገር የሰማ መሣሪያ ድምፁን አስመስሎ መናገር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የአንድ ድርጅት ሠራተኛ አለቆቹንና ባልደረቦቹን በቪዲዮ ስብሰባ ያያቸው መስሎት 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ለአጭበርባሪዎች አስተላልፏል። ከእኛ መንደር ልጆቻቸው በዐረብ አገርና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። «እማዬ፣ ታስሬአለሁ፣ ቶሎ በቴሌብር ላኪልኝ» የሚል የልጅን ድምፅ ሰምቶ የሚጠራጠር አንጀት የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩን ይዝጉ፣ ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ከልጅዎ ጋር ደግሞ ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ይኑራችሁ፤ የጥጃ ስም ይሁን፣ የወንዝ ስም ይሁን። በአንዱ የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ይህን ስንናገር እናቶቹ እየሳቁ እዚያው ቃል ሲመርጡ ዋሉ።

ከዚህ የሚከብደው ወሬ የሚመርጠው መሣሪያ ነው፤ ሰው አይጠይቀውምና መኖሩንም አያውቅም። ሰው የሚቆይበትን ጽሑፍ ከፍ ማድረግ ሥራው ነው፤ ሰው ደግሞ ከሰላም ወሬ ይልቅ በሚያስቆጣ ወሬ ላይ ይቆያል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተገደሉት የኬሚስትሪ ምሁር የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ልጅ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ከሌሎች ጋር ሆኖ ክስ መሥርቷል። አባቱ ላይ የተጻፈው ማስፈራሪያ እንዲነሣ እየለመነ በጊዜ እንዳልተነሣ፣ መሣሪያውም የጥላቻ ጽሑፍን ከፍ እንደሚያደርግ ነው የሚከሰው፤ ኩባንያው በበኩሉ ክሱን ይቃወማል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ፍርዱን ለዳኞቹ እንተወው። በአርሲም ቢሆን ወሬ ምን እንደሚያደርግ በ2012 ዓ.ም. ክረምት በዓይናችን ያየን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ በወጣቶች ጉባኤ ላይ የምንሰጠው ምክር አንድ ነው። ደም የሚያፈላ ነገር ስልክህ ላይ ሲመጣ፣ ወደ ሌላ ከማስተላለፍህ በፊት ቦታው ላይ ያለ፣ በስም የምታውቀው አንድ ሰው ደውለህ ጠይቅ። ማንም ካልተገኘ እዚያው ይቅር።

በመጨረሻ እናንተን የሚመለከት ጉዳይ አለ። መሣሪያው ፎቶግራፍ የመሰለ ሥዕልም ይሠራል፤ የተራበ ሕፃን፣ የምታለቅስ እናት በሉት እንጂ ወዲያው ያቀርብላችኋል። በ2015 ዓ.ም. ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ ተመራማሪዎች ጥቁር አፍሪካዊ ሐኪም ነጭ ሕፃናትን ሲያክም የሚያሳይ ሥዕል እንዲሠራላቸው ደጋግመው ቢያዙት፣ መሣሪያው ታካሚዎቹን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር እያደረገ አስቸገራቸው። ሲማር ያየው እንዲያ ነውና። በዚህ መልእክት ገጾች ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል አናትምም። የምታዩት ሰው በእርግጥ ያለ፣ ፎቶግራፉ ይውጣ ብሎ ፈቃዱን የሰጠ ሰው ነው። ፊቱን ማሳየት ካልፈለገ እጁን ወይም ማሳውን እናሳያለን።

የምትረዷቸው ልጆች የሚጽፉላችሁ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። መሣሪያውን ብንጠይቀው የመቶ ልጅ ደብዳቤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ከምስጋና ጋር ይጽፍልናል። እኛ ግን ልጁ በራሱ እጅ፣ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲጽፍ፣ ልጁን የሚያውቅ ሠራተኛም እንዲተረጉመው ወስነናል። ተርጓሚው ለአስቸጋሪ ቃል መሣሪያውን ቢጠይቅ አይከለከልም፤ የልጁን ስም ሳያስገባ፣ በመጨረሻም ደብዳቤውን ከልጁ ጋር አንብቦ፣ ፊርማውን ከታች አኑሮ ይልከዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ወር ቢዘገይባችሁ፣ ፊደሉ ቢወላገድ፣ ስለ አንዲት በግ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ብታገኙት፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።